ከክሩዝ በኋላ በአውሮፕላን ወደ አሜሪካ ለምንመለስ፦ የኮቪድ ምርመራው ወረቀት መቼ ይያዛል? ምንስ መያዝ አለበት?

የአሌክሳንድሪያዋ
ኤፕሪል 24 ቀን 2022

ሰላም ለመድረኩ ተሳታፊዎች በሙሉ። ባለቤቴ፣ እናቴ፣ ሁለቱ ልጆቻችንና እኔ ከባርሴሎና ተነስቶ ጣሊያን ውስጥ ቺቪታቬኪያ ወደብ ላይ የሚያበቃ የክሩዝ ጉዞ ይዘናል። መርከቡ ቅዳሜ ሜይ 14 ጠዋት ወደብ ይደርሳል፤ ሆኖም እናቴ ሮምን ማየት ስለምትፈልግ ሁለት ሌሊት እዚያው አድረን፣ ሰኞ ሜይ 16 ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ በፍራንክፈርት በኩል ወደ ዋሽንግተኑ ዳለስ አየር ማረፊያ እንበራለን። የመርከብ ድርጅቱ በላከልን ኢሜይል ላይ ወደ አሜሪካ ለሚበሩ መንገደኞች ሁሉ በጉዞው የመጨረሻ ምሽት፣ ማለትም ዓርብ ማታ፣ መርከቡ ላይ ምርመራ እንደሚደረግላቸውና ውጤቱም ታትሞ እንደሚሰጣቸው ተገልጿል። ይህ ወረቀት ለሰኞው በረራ ይበቃናል?

እናቴ 71 ዓመቷ ነው፤ ግሪን ካርድ አላት፣ የምትጓዘው ግን በኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው። ትልቁ ልጄ 8 ዓመቱ ሲሆን ትንሿ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ሁላችንም፣ ከትንሿ በቀር፣ ክትባት ወስደናል። ደጋግሜ ባነብም የምርመራው ቀን ከመርከቡ መውረጃ ይቆጠር ወይስ ከአውሮፕላኑ መነሻ፣ ሊገለጥልኝ አልቻለም። የምታውቁ ብትረዱኝ አመሰግናለሁ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ

እህቴ፣ በቅድሚያ መልካም ጉዞ ይሁንላችሁ። የዓርቡ ምርመራ ለሰኞ በረራ አይበቃችሁም። ቀኑ የሚቆጠረው ወደ አሜሪካ ከሚወስዳችሁ አውሮፕላን እንጂ ከመርከቡ አይደለም።

የአሜሪካው የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ የምንለው፣ ከጃንዋሪ 26 ቀን 2021 ጀምሮ ከውጭ በአውሮፕላን የሚገባ መንገደኛ ሁሉ ከበረራው በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ ተመርምሮ ነጻ መሆኑን እንዲያሳይ አዝዞ ነበር። ኦሚክሮን የተባለው ዝርያ ሲከሰት ግን ከዲሴምበር 6 ቀን 2021 ጀምሮ ጊዜውን ወደ 1 ቀን አጠበበው፤ ክትባት የወሰደውም ያልወሰደውም፣ ዜጋውም ባለ ግሪን ካርዱም በዚሁ ሥር ነው። ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ነጻ ናቸው። ስለዚህ ትንሿ ልጅዎ አትመረመርም፤ የ8 ዓመቱ ልጅ ግን እንደ አዋቂ ይመረመራል።

የመርከብ ድርጅቱ ዓርብ ማታ የሚመረምረው አብዛኛው መንገደኛ ቅዳሜ ከወደብ ወርዶ በቀጥታ ወደ ፊዩሚቺኖ አየር ማረፊያ ስለሚሄድ ነው። ለእነዚያ ወረቀቱ ፍጹም ትክክል ነው። ሮም ለሚያድር ሰው ግን ቅዳሜን ተሻግሮ እሑድ ሲገባ ዋጋው ያበቃል። በኢሜይሉ ላይ ይህን የሚያስታውስ አንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ አለመኖሩ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ሰው ታትሞ በእጁ የተሰጠውን ወረቀት ስለሚያምን ነው። እናንተ መመርመር ያለባችሁ እሑድ ሜይ 15 ወይም ሰኞ ጠዋት ነው፤ እኔ ብሆን እሑድን እመርጣለሁ።

በፍራንክፈርት በኩል ማለፋችሁ አያስጨንቃችሁም። ሁለቱ በረራዎች በአንድ ቡኪንግ ከተያዙና በመካከሉ ያለው ቆይታ ከ24 ሰዓት ካልበለጠ፣ ቀኑ የሚቆጠረው ከመጀመሪያው በረራ፣ ማለትም ከሮም ነው። ትኬቶቹ ተለያይተው የተገዙ ከሆነ ግን ቆጠራው ከፍራንክፈርት ይጀምራል።

ቦስተን ያለሁት

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። በእኔ መረዳት ደንቡ የሚለው ከበረራው በፊት 24 ሰዓት ነው። በረራቸው ሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ስለሆነ፣ እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቢመረመሩ 26 ሰዓት ይሆንና ይመለሳሉ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ይሻላል።

የሲልቨር ስፕሪንጉ

ወንድሜ፣ ስጋትዎ ብዙ ሰው የሚጋራው ነው፤ ደንቡ ግን ሆን ተብሎ በሰዓት ሳይሆን በቀን የተጻፈ ነው። ሲዲሲ ራሱ በሰጠው ምሳሌ፣ በረራው ዓርብ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ከሆነ፣ ሐሙስ ዕለት በማንኛውም ሰዓት የተሰጠ ናሙና ይሠራል። እንዲህ የተደረገውም መንገደኛው ምርመራ በሚያገኝበት ሰዓት እንዲመረመርና የአየር መንገዱ ሠራተኛም ደቂቃ እንዳይቆጥር ነው። ስለዚህ እሑድ ንጋት ላይም ቢመረመሩ ይቀበሏቸዋል። የሚታየውም ናሙናው የተወሰደበት ቀን እንጂ ውጤቱ የወጣበት ቀን አይደለም።

በረራው በአየር ጠባይ ወይም በብልሽት ቢዘገይስ ለሚል ሰው፦ መዘግየቱ ከመንገደኛው ፈቃድ ውጭ ከሆነና ከ1 ቀኑ ገደብ ያለፈው ጊዜ ከ24 ሰዓት ካልበለጠ እንደገና መመርመር አያስፈልግም።

ነርሷ ከሪችመንድ

ወረቀቱ ላይ ምን መጻፍ እንዳለበት እስካሁን ስላልተነሣ እኔ ልቀጥል። አየር መንገዱ የሚመለከታቸው ነገሮች የምርመራው ዓይነት፣ ምርመራውን ያደረገው ድርጅት ስም፣ ናሙናው የተወሰደበት ቀን፣ ውጤቱ፣ እንዲሁም የተመርማሪው ማንነት ናቸው። ለማንነት ሙሉ ስምና ቢያንስ አንድ ሌላ መለያ ያስፈልጋል፤ የልደት ቀን ወይም የፓስፖርት ቁጥር ማለት ነው። ፒሲአርም ፈጣኑ አንቲጂንም ተቀባይነት አላቸው፤ በደም የሚደረገው የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ግን አይሠራም። ታትሞ የተያዘም በስልክ ላይ ያለም ይቀበላሉ፤ ለእናት ግን የታተመውን ያዙላቸው።

እኛ ኢትዮጵያውያን በተለይ ልንጠነቀቅበት የሚገባው ስማችን ነው። በፓስፖርታችን ላይ የአባት ስም በአንድ ቦታ፣ የአያት ስም በሌላ ይገባል፤ አሜሪካ ውስጥ የአያትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ የሚጽፍ አለ፣ የአባትንም የሚጽፍ አለ። የጣሊያን ፋርማሲ ፎርም ደግሞ የቤተሰብ ስምን አስቀድሞ ይጠይቃል። እናትዎ በቃል ሲጠየቁ የራሳቸውን ስም አስቀድመው ቢናገሩ፣ ጸሐፊው የተናገሩትን በተናገሩበት ቅደም ተከተል ይጽፈዋል፤ ወረቀቱም ከትኬቱ ጋር አይገጥምም። በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ «ጸ» በሦስት መንገድ እንደሚጻፍም እናውቃለን። ስለዚህ ለማንም በቃል አይንገሩ፤ ፓስፖርቱን ገልጠው ፎቶው ያለበትን ገጽ ያሳዩና ከዚያ ላይ እንዲገለብጡ ይጠይቁ። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የለመዱ አዛውንት የሚናገሩት ዓመት በፓስፖርቱ ላይ ካለው በ7 ወይም በ8 ዓመት ይለያል።

የአውሮፓው ቀን አጻጻፍም ዕለቱን አስቀድሞ ወሩን ያስከትላል። 15/05 ሲሆን ግልጽ ነው፣ 15ኛ ወር ስለሌለ። 05/06 ላይ የደረሰ ተጓዥ ግን ወሩ በቃል እንዲጻፍለት ቢጠይቅ ይሻላል። ወረቀቱ በእንግሊዝኛም እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ የትኛውን ቋንቋ እንደሚቀበል የሚወስነው አየር መንገዱ ራሱ ነውና።

ከምርመራው ወረቀት በተጨማሪ የመንገደኛ ማረጋገጫ ቃል የሚባል ፎርም አለ። አዋቂዎች ለየራሳቸው ይፈርማሉ፣ ለትልቁ ልጅ ወላጁ ይፈርምለታል። ብዙ አየር መንገዶች በድረ ገጻቸው ላይ ያስሞሉታል።

ቦስተን ያለሁት

ስለ ቀኑ ማብራሪያ አመሰግናለሁ፤ ተረድቻለሁ። ታዲያ ለምን ፋርማሲ ፍለጋ ይደክማሉ? ከአሜሪካ ይዘውት የሚሄዱት፣ በሆቴል ክፍል የሚመረመሩበት ሳጥን አለ አይደል?

የሲልቨር ስፕሪንጉ

አለ፤ ሁሉም ሳጥን ግን አይደለም። ደንቡ የሚቀበለው ምርመራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቪዲዮ ባለሙያ እየተመለከተው ሲደረግና ስም ያለበት ውጤት ሲሰጥ ነው። ባይናክስናው የተባለው ምርመራ በሁለት ዓይነት ይሸጣል፤ ከፋርማሲ መደርደሪያ አንስተን በራሳችን የምንጠቀምበት ለጉዞ አያገለግልም፤ ኢሜድ በተባለው አገልግሎት ባለሙያ እያየን የምንጠቀምበት ነው የሚሠራው። የሁለቱ ሳጥኖች መልክ ስለሚቀራረብ ሲገዙ በደንብ ማንበብ ያሻል።

ሳጥኑን ባለሙያው ሳያዝዝ መክፈት አይፈቀድም፤ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀትም መቀመጥ የለበትም፤ ስለዚህ በፀሐይ በጋለ መኪና ውስጥ አይተውት። ዋናው ጥያቄ ኢንተርኔት ነው። ውጤቱ እስኪነበብ 15 ደቂቃ ይጠበቃል፤ በዚያን ጊዜ ሁሉ ካርዱ በካሜራው ፊት መሆን አለበት። በባሕር መካከል ያለ የመርከብ ኢንተርኔት ይህን የሚሸከመው አልፎ አልፎ ነው። ጥሩ መስመር ባለው የሮም ሆቴል ግን ለአራት ሰው የሚበቃ ሳጥን መያዝ መልካም መጠባበቂያ ነው። እሑድ አብዛኛው የጣሊያን ፋርማሲ ስለሚዘጋና የሚከፍቱት ተራ የደረሳቸው ብቻ ስለሆኑ፣ መጠባበቂያው ለእነዚህ ቤተሰቦች ከሌላው ሰው የበለጠ ያስፈልጋቸዋል።

የአሌክሳንድሪያዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። እሑድ ስንመረመር እናቴ ፖዘቲቭ ብትሆንስ? ብቻዋን ልትቀር አትችልም።

ነርሷ ከሪችመንድ

ይህን ከመሄድዎ በፊት ማሰብዎ ተገቢ ነው። ፖዘቲቭ የሆነ ሰው ምንም ዜጋ ቢሆን አውሮፕላኑ አያሳፍረውም፤ ከሰው ተለይቶ የሚቆይበት ጊዜም በጣሊያን ሕግ ይወሰናል። ስለዚህ ከእናትዎ ጋር የሚቀረው ማን እንደሆነ፣ ማን ከልጆቹ ጋር እንደሚመለስ፣ ከባለቤትዎ ጋር ከአሁኑ ይነጋገሩ። የእናትዎን የዘወትር መድኃኒት ለጉዞው ቀናት ብቻ ሳይሆን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ጨምረው ይያዙ። የደም ግፊት ክኒን አልቆባቸው ውጭ አገር ሐኪም የሚፈልጉ አዛውንቶች ስልክ ደውለውልኝ ያውቃሉ፤ በጣም ያስጨንቃል።

የጉዞ ኢንሹራንስም ይግዙ። ሜዲኬር፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት የአዛውንቶች የጤና መድን፣ ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ አይከፍልም፤ መርከብ ላይም ቢሆን መርከቡ ከአሜሪካ ወደብ ከ6 ሰዓት በላይ ከራቀ ሽፋን የለውም። የሚገዙት ኢንሹራንስ በኮቪድ ምክንያት የሚጨምረውን የሆቴል ወጪና የትኬት ለውጥ እንደሚሸፍን ከፊርማ በፊት በጽሑፍ ያረጋግጡ።

ካገገሙ በኋላ የሚመለሱበት ሌላ መንገድም አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ፒሲአር ምርመራ በሽታው ከለቀቀ ከሳምንታት በኋላም ፖዘቲቭ ሊል ስለሚችል፣ ደንቡ ያገገመ ሰው ነጻ ውጤት እንዲያመጣ አያስገድድም። በምትኩ ሁለት ሰነዶች ይቀርባሉ፦ ከበረራው በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ በተወሰደ ናሙና የተገኘው ፖዘቲቭ ውጤት፣ እና ፈቃድ ያለው ሐኪም ወይም የጤና ባለሥልጣን ለጉዞ ብቁ መሆናቸውን የጻፈው ደብዳቤ። ደብዳቤው የድርጅቱ ስም ባለበት ወረቀት ላይ ተጽፎ፣ የፈራሚው ስም፣ አድራሻና ስልክ ሊኖርበት ይገባል። ስለዚህ ፖዘቲቭ የሚለውን ወረቀት ማንም ተናድዶ እንዳይጥለው፤ ከዚያ በኋላ ወደ ቤት የሚያስገባው እርሱ ነው። ከጉዞው በፊት ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ ታሞ የዳነ ካለም እነዚህን ሁለት ሰነዶች ይዞ መሄድ ይችላል፤ የቤት ውስጥ ምርመራ ብቻ ያደረገ ግን ሰነድ ስለሌለው አይጠቅመውም።

የሲያትሉ

የአላስካን ክሩዝ ለሚያስቡ ወገኖች አንድ ነገር ልጠቁም። ትእዛዙ የሚመለከተው በአየር የሚገባውን ብቻ ነው። መርከቡ ቫንኩቨር ላይ የሚያበቃ ከሆነ ከዚያ በአውሮፕላን ለመምጣት ምርመራ ግዴታ ነው፤ በአውቶቡስ ወይም በመኪና ድንበሩን ተሻግሮ ሲያትል ገብቶ ከዚያ በአገር ውስጥ በረራ ለሚሄድ ግን የምርመራ ወረቀት አይጠየቅም። ሲያትል ላይ ለሚያበቃ መርከብም እንዲሁ። በካሪቢያን በኩል ሳን ኋን ላይ ለሚወርዱም፣ ፖርቶ ሪኮ የአሜሪካ ግዛት ስለሆነች፣ ወደ ዋናው ምድር ለሚደረገው በረራ ትእዛዙ አይሠራም።

ቦስተን ያለሁት

ይህን ሳነብ ጥያቄው ይበልጥ ይከነክነኛል። ቫይረሱ አውቶቡስ አይሳፈርም ያለው ማን ነው? ሦስት ጊዜ የተከተበች እናት በፋርማሲ በር ቆማ፣ በመኪና የሚመጣው ሳይጠየቅ ማለፉ ትክክል ነው ብዬ ለመቀበል እቸገራለሁ።

ነርሷ ከሪችመንድ

ቅሬታዎ እውነት አለው። የሰው ብዛት ለረጅም ሰዓት አንድ ላይ ተዘግቶ የሚቀመጥበትን ቦታ መቆጣጠር ሲጀመር ምክንያት ነበረው፤ ዛሬ በሽታው አሜሪካ ውስጥ በሰፊው ባለበት ሰዓት ጥቅሙ ቀንሷል ብዬ አምናለሁ። ደንቡ እስካለ ድረስ ግን በሩ ላይ የሚቆመው የአየር መንገዱ ሠራተኛ ነው፤ ወረቀት የሌለውን እንዳያሳፍር የታዘዘውም እርሱ ስለሆነ፣ ከእርሱ ጋር መከራከር መንገደኛውን አይጠቅምም።

ከጀርመንታውን

ከክሩዙ በኋላ በቀጥታ ወደ አሜሪካ የማይመለስስ? እኔ ከሮም አዲስ አበባ ገብቼ ከቤተሰብ ጋር ሁለት ሳምንት ከቆየሁ በኋላ ነው ወደ ዳለስ የምበርረው። ትኬቱ አንድ ቡኪንግ ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጉ

ቡኪንጉ አንድ ቢሆንም አዲስ አበባ ያለው ቆይታ ከ24 ሰዓት ስለሚበልጥ፣ ለአሜሪካ የሚያስፈልገው ምርመራ ከአዲስ አበባ ከመነሣትዎ በፊት ባለው 1 ቀን ውስጥ የሚደረገው ነው። የአዲስ አበባው በረራ ማታ የሚነሣ ከሆነ በዋዜማው ጠዋት ተመርምረው ውጤቱን በሰላም መቀበል ይችላሉ። አዲስ አበባ ለመግባት የሚጠየቀው ደግሞ የኢትዮጵያ የራሷ ደንብ ነው፤ ሁለቱን ለየብቻ ያዘጋጁ፤ የኢትዮጵያውን ከአየር መንገዱ ይጠይቁ።

የአሌክሳንድሪያዋ
ሜይ 18 ቀን 2022

በሰላም ገብተናል። ለሚቀጥሉት ተጓዦች ይጠቅም እንደሆነ የሆነውን ልጻፍ። እሑድ ጠዋት ሆቴላችን አጠገብ ያለው ፋርማሲ ዝግ ነበር፤ በሩ ላይ ግን ተረኛ የሆኑት ፋርማሲዎች ዝርዝር ተለጥፏል። በቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አቅራቢያ ክፍት አገኘን። ከፋርማሲው ውጭ ድንኳን ተተክሎ በዚያ ውስጥ ናሙና ይወሰዳል፤ ለአዋቂ 15 ዩሮ ከፈልን፤ ውጤቱም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ታተመ። ፓስፖርታችንን ሰጥተን ከዚያ ላይ እንዲገለብጡ አደረግን። እንዲያም ሆኖ በእናቴ ወረቀት ላይ የአያቷ ስም ሳይገባ ቀርቶ ነበር። ነርሷ እህታችን የጻፈችውን አስታውሼ እዚያው ቆሜ እያንዳንዱን ፊደል ከፓስፖርቱ ጋር ስላስተያየሁ ልጅቷ ወዲያው አስተካክላ ሌላ አተመችልኝ፤ የፓስፖርት ቁጥሩንም አስገባችበት።

ሰኞ ጠዋት ፊዩሚቺኖ ላይ የቼክ ኢን ሠራተኛዋ መጀመሪያ ያየችው ናሙናው የተወሰደበትን ቀን ነው፤ ጣቷን በስሙ ሥር እያሳለፈች ከፓስፖርቱ ጋር አመሳከረች። ከኋላችን የነበሩት ባልና ሚስት ከእኛው መርከብ የወረዱ ሲሆኑ፣ የያዙት የዓርቡን ወረቀት ስለነበር ወደ አየር ማረፊያው የምርመራ ቦታ ተላኩ። በረራው ላይ ስላየኋቸው ደስ ብሎኛል፤ ሴትየዋ ግን ፊቷ ገና አልተረጋጋም ነበር።

የሲልቨር ስፕሪንጉ
ጁን 10 ቀን 2022

አዲስ ነገር አለ። ሲዲሲ የምርመራውን ትእዛዝ ማንሣቱን ዛሬ አስታውቋል። የሚነሣው እሑድ ጁን 12 ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ጀምሮ በዋሽንግተን ሰዓት ነው፤ በ90 ቀናት ውስጥም ሁኔታውን እንደገና እመለከታለሁ ብሏል። ከዚያ ሰዓት በኋላ ለሚነሡ በረራዎች የምርመራም ሆነ የማገገም ወረቀት አያስፈልግም። ወደ መርከብ ለመሳፈር የመርከብ ድርጅቶች የሚጠይቁት ምርመራ ግን ሌላ ነው፤ እርሱ አልተነሣም።

ከመርከብ ላይ

ወንድሜ፣ ዜናውን አሁን መርከብ ላይ ሆኜ አነበብኩ። ነገ ቅዳሜ ጠዋት ፒሬየስ ወደብ እንደርሳለን። እኔ በዕለቱ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ከአቴንስ ወደ ኒውዋርክ እበርራለሁ፤ እህቴ ደግሞ በማግስቱ እሑድ በተመሳሳይ ሰዓት። መርከቡ ላይ ያሉት ሠራተኞች ደንቡ ስለተነሣ መመርመር ቀርቷል ይላሉ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ

ለእህትዎ ቀርቷል፤ ለእርስዎ ግን አልቀረም። አቴንስ ከዋሽንግተን በ7 ሰዓት ስለምትቀድም፣ ደንቡ በአቴንስ ሰዓት የሚነሣው እሑድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ላይ ነው። የቅዳሜው በረራ ከዚያ በፊት ስለሚነሣ ቼክ ኢን ላይ ወረቀቱን ይጠየቃሉ። ዛሬ የሚሰጡት ናሙና ለነገ በረራ ስለሚበቃ፣ የመርከቡ የሕክምና ክፍል ከመዘጋቱ በፊት አሁኑኑ ይሂዱና ፓስፖርትዎን ይዘው ይመርመሩ። ዝግ ከሆነ በአቴንስ አየር ማረፊያ ለመመርመር እንዲችሉ ከመርከቡ ከሚወርዱት ቀዳሚዎች መካከል እንዲያደርጉዎት ዛሬ ማታ ይጠይቁ።